የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የአንድ ቀን ውሎ በጆርጂያ ምክር ቤት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1868 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት የተወካዮች ምክር ቤት አትላንታ ላይ ተሰብስቦ፣ ሕዝብ መርጦ የላካቸውን ጥቁር አባላቱን በድምፅ ብልጫ አባረረ። ይህን እትም የሰጠነው ለዚያ ቀን ውሎ ነው።

ምክንያት ተብሎ የቀረበው፣ አዲሱ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ጥቁሮች እንዲመርጡ እንጂ ሥልጣን እንዲይዙ በግልጽ አልፈቀደም የሚል ነበር። ይሁንና መልካቸው ቀላ ያለ አራት አባላት ከወንበራቸው አልተነሡም። መዝገቡን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ክርክሩ የሕግ ሳይሆን የቆዳ እንደነበር ራሳቸው መሰከሩ። በዕለቱ ከተባረሩት አባላት አንዱ የሆኑት ቄስ ሄንሪ ማክኒል ተርነር ተነሥተው ረጅም ንግግር አደረጉ። ምሕረት አልለመኑም፤ መብታቸውን ጠየቁ። ንግግሩን ሳትቸኩሉ እንድታነቡት እለምናለሁ።

ሴኔቱም ብዙ ሳይቆይ ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈ። የተባረሩት የተመለሱት ኮንግረስ ጣልቃ ገብቶ በ1870 መጀመሪያ ነው።

በዚያው በሴፕቴምበር ወር፣ ከተባረሩት አንዱ ፊሊፕ ጆይነር የመሩት ሰልፍ ካሚላ ከተማ ላይ የጥይት እሩምታ ወረደበት፤ ሰዎችም ሞቱ። ስለ ካሚላ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተናል። አትላንታ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ የተባረሩትን አባላት መታሰቢያ ሐውልት በግዛቲቱ ምክር ቤት ግቢ ታገኙታላችሁ።