የባለእጅ ስም
በሚኒሶታዋ ፍሪድሊ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ጆን ባንፊል የተባለ ሰው በ1847 እ.ኤ.አ. የሠራት የመንገደኛ ማረፊያ ዛሬም በስሙ ትጠራለች። በበሬ የሚሳቡ፣ ብረት እምብዛም የማያውቁ የእንጨት ጋሪዎች በደጇ ሲያልፉ ኖረዋል። እኔን የሚያስቀናኝ ቤቲቱ ሳትሆን ስሙ ነው። የእኛ ቀጥቃጭ ስሙ በየትኛው ደጃፍ ተጻፈ? ቀኑን ከወናፍና ከመዶሻ ጋር ይውላል፤ ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ በመኸር በእህል ይከፈለዋል። ባላገሩ ጠዋት ማረሻውን አስሎ ይመለስና ማታ ልጁን «ከጠይብ ቤት እንዳትደርስ፣ ቡዳ ነው» ይለዋል። ያለዚያ ሰው እጅ አንድ ትልም እንደማያወጣ እያወቀ! በብዙ አካባቢም ባለእጅ ርስት አልነበረውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ መልካም አዋጅ ነበር፣ ነገሩ ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን ሰሚ አጣ። ዛሬ በሚኒሶታ መንትዮቹ ከተሞች፣ በእኛ ሰዎች ቡና ላይ «አያቴ ደጃዝማች ነበሩ» የሚል አይጠፋም። «አያቴ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ፣ ቡናውን እኔ እከፍልለታለሁ።