«እጮኛዬን ኮንትራ ቀማኝ!»

ባለፈው ሳምንት ስለ አማትና ምራት የጀመርነውን ጨዋታ ዛሬ እንጨርሳለን ብያችሁ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና አማቶች አንድ ሳምንት ይታገሱን። አንዲት እህታችን የላከችልኝ ደብዳቤ ሰሞኑን ሲከነክነኝ ሰንብቷል። የከነከነኝ ችግሩ ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ተከሳሹ ቁጭ እኔን ስለሚመስል ነው!

ደብዳቤዋ ረዘም ይላል። ዋናውን እነሆ፦

«ዕድሜዬ 26 ነው። እጮኛዬ 31 ዓመቱ ነው። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ አያመሽም። ጓደኞቼ ‹ሎተሪ ወጥቶልሻል› ይሉኛል። እኔ ግን ተቃጥያለሁ። ከሥራ ሲገባ ሶፋው ላይ ዘፍ ይልና ስልኩን አውጥቶ ኮንትራ የሚባል የድሮ የተኩስ ጌም ይጀምራል። አዲስ ጌም ቢሆን እሺ፣ ጓጉቶ ነው እላለሁ። ይኼ ግን ልጅ ሆኖ የጨረሰው ነው! ይጨርሰዋል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። ያው ጫካ፣ ያው ድልድይ፣ ያው ጧ ጧ ጧ! እያናገርኩት ‹እህ› ይለኛል እንጂ አይሰማኝም። ሌላ ሴት ብትሆን እኮ ስሟን አጣርቼ እጣላት ነበር። ከጌም ጋር እንዴት ይጣላሉ? የሠርጉን አዳራሽ ቀብድ ከከፈልን ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ልጅ አግብቼ ልጅ ላሳድግ ነው? እባክዎ ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ ከምክሩ በፊት ኑዛዜ ይቅደም። እኔም አርባን ተሻግሬ፣ የልጆች አባት ሆኜ፣ ያንን ድልድይ እስካሁን እያፈነዳሁት ነው።

ጌሙን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ኮንትራን የሠራው ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በሳንቲም ለሚሠሩት ትልልቅ የመጫወቻ ማሽኖች አወጣው፤ በ1988 ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰካው ኔንቴንዶ። ታሪክ ምናምን የለውም። ሁለት ጡንቸኛ ወታደሮች፣ አንዱ ሰማያዊ ሱሪ አንዱ ቀይ ሱሪ፣ እየሮጡ የመጣውን ሁሉ ይተኩሳሉ። ድልድይ ላይ ሲወጡ ድልድዩ ከእግራቸው ሥር እየፈነዳ ይሄዳል። ስምንተኛው ደረጃ መጨረሻ ላይ አንድ የሚመታ ትልቅ ልብ አለ፤ እሱን አፍርሶ አለቀ። መንገዱን በቃሉ የያዘ ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

እኔ የተዋወቅሁት በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጌም ቤት ነበር። በሩ ላይ ጆተኒ፣ ውስጥ ደግሞ ሁለት ቴሌቪዥን፤ አንዱ ባለ ቀለም፣ አንዱ ጥቁርና ነጭ። አንድ ጨዋታ በሽልንግ። (ለዘመኑ ልጆች፦ ሽልንግ ማለት ሃምሳ ሳንቲም ነው።) ሽልንጓ እናታችን ለዘይት ከሰጠችን ላይ የምትቆረጥ ነበረች፤ ይኼንንም ዛሬ ልናዘዝ። ካሴቱ ላይ «9999 ጌም» የሚል ተለጥፎበታል። ስንቆጥረው ግን እውነተኞቹ ሃያ አይሞሉም፤ የቀረው የእነዚያው ድግግሞሽ ነው። ኮንትራ ብቻውን በስንት ስም ተመዝግቦ ነበር! መደጋገምን ያስለመደን ያ ካሴት ሳይሆን አይቀርም።

ጌሙ ከባድ ነው። አንዲት ጥይት ከነካችህ ሞትህ ነው፤ ያለህ ደግሞ ሦስት ነፍስ ብቻ። ስለ ክብደቱ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባሉ የኮናሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1986 ግራዲየስ የተባለውን ሌላ ጌም ለቤት መጫወቻ ሲያዘጋጁ ጌሙ ለራሳቸው ከበዳቸው። ሊፈትሹት ይጫወታሉ፣ ይሞታሉ። ቢቸግራቸው አቋራጭ አበጁ፦ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። እነዚህን በቅደም ተከተል የነካ መሣሪያው ሙሉ ይሆንለታል። ያቺ አቋራጭ ወደ ኔንቴንዶው ኮንትራ ተሻገረችና ሦስቱን ነፍስ ሠላሳ አደረገቻት። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2020 አረፉ። እኔማ አቋራጯን የሰማሁት ስንት ሽልንግ ከከሰርኩ በኋላ ነው፣ ምን ዋጋ አለው!

እንግዲህ ወደ እህታችን ጥያቄ። ለምን ያንኑ?

እናቴ ቡና ስታፈላ የምትሰማው አንድ የጥላሁን ገሠሠ ካሴት ነበራት። ክሩ ተበጥሶ በምስማር ቀለም ተጣብቋል፤ እሷ ግን ሌላ አትሰማም። «አይሰለችሽም?» ስላት «የሚቀጥለውን ስለማውቀው እኮ ነው ደስ የሚለኝ» ትለኝ ነበር። ያኔ አልገባኝም። አሁን ከሥራ ስመለስ ይገባኛል። ቀኑን ሙሉ የሚቀጥለውን አላውቅም። ታክሲ ይገኝ አይገኝ አላውቅም። አለቃዬ በየት በኩል እንደተነሳ አላውቅም። የትናንቱ የሽንኩርት ዋጋ ዛሬ አይሠራም። አከራዬ ስልክ ሲደውሉ ሆዴ ይገለበጣል። ማታ ስልኬን ስከፍት ግን ያ መድፍ ልጅ ሆኜ የተውኩት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። የት ቆሜ እንደምመታው አውቃለሁ። ውኃው ውስጥ ዝቅ ካልኩ ጥይት እንደማያገኘኝ አውቃለሁ። «ኤስ» የተጻፈባት መሣሪያ፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግታ አምስት ጥይት የምትተፋዋ፣ የት እንደምትወድቅ አውቃለሁ። በቀኑ ውስጥ ያወቅሁት ያህል የሆነልኝ ነገር እሱ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ፣ እውነቴን ነው።

አዲስ ጌም እኮ ሥራ ነው! አውርድ፣ ተመዝገብ፣ ደንቡን ተማር፣ ታሪኩን ተከተል። ከሥራ የመጣ ሰው ሌላ ሥራ አይፈልግም። በኮንትራ ጣቴ ይሠራል፣ እኔ አርፋለሁ።

«ተኩስ ምን እረፍት አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ ለሁሉም አይደለም። ግንባር ከርሞ የተመለሰ አንድ ወዳጄ አለ። አንድ ቀን አጠገቡ ከፈትኩትና ገና ድምፁን ሲሰማ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እሱ ባለበት አልከፍተውም። ለእኔ ግን ደም የሌለበት፣ ጠላቱ ብው ብሎ የሚጠፋበት ነገር ከጦርነት ይልቅ ጭፈራ ነው የሚመስለኝ። እርምጃው የታወቀ እስክስታ በሉት።

ሳይንሱም ቢሆን ነገሩን ከንቱ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤሚሊ ሆልምስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እንግሊዝ ውስጥ ሰዎችን የሚያስደነግጥ ፊልም አሳዩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተወሰኑትን ለአሥር ደቂቃ ቴትሪስ አጫወቷቸው። በቀጣዩ ሳምንት፣ ቴትሪስ የተጫወቱት ላይ የፊልሙ ምስል ድንገት ብልጭ የሚልባቸው ጊዜ ካልተጫወቱት አነሰ። ዓይንና እጅ ሥራ ሲይዙ ክፉው ምስል አእምሮ ውስጥ ቦታ ይጠብበታል ነው ነገሩ። በእርግጥ ቴትሪስ ጡብ መደርደር እንጂ ተኩስ የለበትም፣ «ጋዜጣው ኮንትራ መድኃኒት ነው አለ» እንዳትሉኝ!

እዚህ ድረስ ለእጮኛሽ ጠበቃ ሆንኩለት፣ አይደል? አሁን ደግሞ በራሴ ላይ ልመስክር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሥራ ተቀነስኩ። ደብዳቤውን የሰጡኝ ዓርብ ከሰዓት ነው። ለባለቤቴ ቅዳሜ እነግራታለሁ አልኩ፤ ቅዳሜ ልቅሶ ነበረብን። እሁድ እንግዳ መጣ። ሰኞ ጠዋት እሷ እንደ ወትሮው ምሳዬን ቋጥራ ሰጠችኝ፣ እኔም እንደ ወትሮው ሸሚዜን አስገብቼ ወጣሁ። ወዴት? ካፌ። አንድ ማኪያቶ አዝዤ፣ ጥግ ይዤ፣ ኮንትራ። ስጨርሰው እንደገና። አስተናጋጇ ብርጭቆዬን ሦስቴ ጠረገችው። ምሳ ሰዓት ላይ ቤተክርስቲያን ግቢ ሄጄ የቋጠረችልኝን ሽሮ በላሁና ሌላ ካፌ ገባሁ። ማታ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ስትለኝ «ደህና» አልኳት።

አምስት ሳምንት!

ያን ሰሞን እንደዚያ ጎበዝ ሆኜ አላውቅም። ሳልሞት እጨርሰው ነበር። ትልቁ ልብ ሲፈርስ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል፤ ከዚያ ያቺ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ እንዳለች ትዝ ይለኛል። ወዲያው እጄ «ጀምር» የሚለው ላይ ያርፋል። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር፣ ጌሙ ያው ነው፣ የተለወጠው እኔ የምከፍትበት ሰዓት ነው። ድሮ የምከፍተው ነገሬን ከጨረስኩ በኋላ ነበር፤ አሁን ነገሬን እንዳልጀምር ሆነ።

ባለቤቴ እንዴት እንዳወቀች ታውቃላችሁ? አንድ ማታ ሽንኩርት እየከተፈች «አለቃህን ማማት ካቆምክ ወር አለፈህ። ምን ሆነሃል?» አለችኝ። በቃ፣ አወጣሁት። ሥራ ማጣቴን ስትሰማ አልጮኸችም። ጌሙንም አልተሳደበችም። «በየጠዋቱ እየተነሳሁ ምሳ የቋጠርኩት ለካፌ ነው?» ብላ አለቀሰች። እሷን ያስለቀሳት የደመወዙ መቅረት አልነበረም። ያን ምሳ ዕቃ እስከዛሬ ሳየው አፍራለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጌም ሕመም የሚባለውን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ አጽድቆ፣ ዝርዝሩ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መለኪያው ውስጥ የሰዓት ቁጥር የለበትም። «በቀን ይህን ያህል የተጫወተ ታሟል» አይልም። የሚለው፦ ሰውየው ራሱን መግታት አቅቶታል ወይ? ከሌላው የኑሮው ጉዳይ ሁሉ አስቀድሞታል ወይ? ጉዳቱን እያየ ቀጥሏል ወይ? ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። እጮኛሽ ሥራውን ይሠራል፣ ማታ ይገባል፣ ግማሽ ሰዓት ይተኩሳል። በእኔ ግምት በሽተኛ አይደለም። ልጅም አይደለም።

ግን እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ ሳነበው ዓይኔ የቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው። እንደ ዘበት ጣል አድርገሽ ያለፍሻት ቦታ። «ቀብድ ከከፈልን ወዲህ ብሶበታል» ብለሻል። አዳራሹ ስንት ነው? ቬሎው፣ መኪናው፣ ቪዲዮው፣ የሽማግሌው ወጪ? ደመወዙንስ ታውቂዋለሽ? ከማን ሊበደር እንዳሰበ ነግሮሻል? ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገር ግን ያ ልጅ ማታ ማታ የሚሸሸው ከአንቺ አይመስለኝም፣ ከሒሳቡ ነው የሚመስለኝ። «አልችልም» ማለት ደግሞ ለወንድ ልጅ ከስምንተኛው ደረጃ ይከብዳል። ሎተሪ ተብሎ የተመሰገነማ ይብስበታል!

ስለዚህ ስልኩን አትንጠቂው። «እኔ ወይስ ጌሙ?» እንዳትይው፤ አፍሮ ይደብቀዋል፣ መደበቅ ደግሞ ወዴት እንደሚያደርስ ከላይ ነግሬሻለሁ። ሲገባ ግማሽ ሰዓቱን ልቀቂለት። ልቡን እስኪያፈርስ ታገሺው። ልክ ሲጨርስ፣ «ጀምር» የሚለውን ሳይነካ፣ አጠገቡ ቁጭ በይና «እኔ አዳራሹ በዝቶብኛል፣ አንተስ?» በይው። «ምን ሆነሃል?» ካልሽው «ምንም» ነው የሚልሽ። ከራስሽ ከጀመርሽ ግን ትከሻው ሲወርድ ታዪዋለሽ። በዝቶብናል ካላችሁ ደግሞ የዘመድ አፍ ሳትፈሩ ቀንሱት፣ ቀብዱ ቢቀርም ይቅር።

አንተም ወንድሜ፣ ይኼን ጋዜጣ እሷ ጠረጴዛ ላይ ትታልህ እያነበብክ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ንገራት። አምስት ሳምንት አትጠብቅ።

ከፈለጋችሁ ደግሞ ኮንትራ ለሁለት ነው የተሠራው። ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ስጣት። መጀመሪያ ትሞትብሃለች፣ ታገሣት። ነፍሷ ሲያልቅ ካንተ ላይ አንድ መውሰድ ትችላለች፤ ጌሙ ይፈቅዳል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ ፏፏቴውን ወደ ላይ ስትወጡ፣ አንተ ስለቻልክ ብቻ አትሩጥ። አንዱ ቀድሞ ከወጣ ስክሪኑ አብሮት ይወጣና ከታች የቀረው ይሞታል። እኔና ባለቤቴ እዚያች ቦታ ላይ እስከዛሬ እንጨቃጨቃለን። እሷ «አስቀደምከኝ» ትላለች፣ እኔ «ዘገየሽ» እላለሁ። ልጆቻችን በሁለታችን ይስቃሉ።

በሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አማቶቹን ሳላስቀር ይዣቸው እመጣለሁ። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ!