የቀን ሠራተኛው ደመወዝና የእኛ ጸሎት



ከጣራ ገዳም ቁልቁል ወደ ጣና የሚዘረጋውን የፎገራ ሜዳ አባቶቻችን የሚያውቁት በከብቱ ነበር። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት ለብዙ አዝመራ አይመችም። ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ያው ያስቸግር የነበረ ውኃ በረከት ሆነ። ወረታም የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆናለች፤ የምርምር ማዕከሉም እዚያው ነው፣ ደረቅ ወደቡም ተጨምሯል። ስለዚህ ሁሉ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ደግሞም እኛ ወንጌላውያን ብዙ ጊዜ የማንናገረውን እንናገር፦ የጣራ ገዳምን ደን እስከ ዛሬ ያቆዩልን የገዳሙ አባቶች ናቸው። መንፈሳዊ ሰው ስለ ዛፍ ምን ገደደው ብለው ቢሆን ኖሮ ተራራው ዛሬ ራቁቱን ነበር።

በማሽኑ ዙሪያ ደግሞ ሰው አለ። ጆንያ የሚሸከሙ ወጣቶች አሉ። አፍንጫቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፍነው በገለባው ብናኝ ውስጥ የሚያበጥሩ እናቶች አሉ። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ የተጻፈ ውል የሌላቸው ናቸው። ቀኑ ሲመሽ አንዳንዱ ሒሳቡን ይቀበላል፤ አንዳንዱ ደግሞ "ነገ ተመለስ" ይባላል። እሑድ ሲሆን አሠሪውም ተሸካሚውም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አብረው ይዘምራሉ። ሰኞ ጠዋት በሁለቱ መካከል ስለሚሆነው ነገር ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች?

ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ "ይህ የፖለቲካ ጉዳይ ነው፤ እኛ ነፍሳትን እናድን" የሚል ነው። ይህ መልስ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። የእኛ ትውልድ "ወዝ አደር" የሚለውን ቃል በልጅነቱ የሰማው አዳራሾቻችንን ካሸጉት፣ ወንድሞቻችንን ካሰሩት ሰዎች አፍ ነው። ስለ ሠራተኛ መብት ሲነሣ ብዙ ምእመን የሚሸማቀቀው ስለዚህ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ግን ታሪኩን ገልብጦታል።

የሠራተኛን ጥያቄ በአገራችን የጀመረው ደርግ አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ጎረቤታችን የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣልያን በተገኘ የጦርነት ካሳ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። ፋብሪካ በመጣበት ሁሉ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ጥያቄ አብሮ መጣ፤ በ1955 ዓ.ም. አገር አቀፉ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። ይህ ኮንፌዴሬሽን በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። እሱን አፍርሶ በራሱ ማኅበር የተካው ደርግ ነው። በወዝ አደሩ ስም የማለው መንግሥት የወዝ አደሩንም አፍ፣ የእኛንም አዳራሽ ዘጋ። ታዲያ የተዘጋብንን አዳራሽ አስመልሰን ስናበቃ የሠራተኛውን ነገር ለምን እንደ ደርግ ንብረት እንተወዋለን?

በመካከላችንም ይህን አስቀድመው ያዩ ነበሩ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ጽሑፍ፣ ወንጌልን መስበክና ሰውን ከችግሩ ማውጣት ሊነጣጠሉ አይገባም ብላ ተከራክራለች። እኚህ ሰው ወንጌልን በልማት አልሸጡም፤ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ተይዘው የተገደሉት ስለ እምነታቸው ጸንተው ነው።

የእንግሊዝን ነገር ደግሞ ማንሣት እንወዳለን፤ ብዙ መዝሙሮቻችን ከዚያ መነቃቃት የመጡ ናቸውና። በ1833 እ.ኤ.አ. ቶልፑድል በምትባል መንደር ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ደመወዛቸው እየተቀነሰ ስላስቸገራቸው ማኅበር መሠረቱ። አብዛኞቹ ሜቶዲስቶች ነበሩ፤ መሪያቸው ጆርጅ ላቭለስ ሰባኪ ነበር። በሕገ ወጥ መሐላ ተከሰው ሰባት ዓመት ተፈረደባቸውና ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ይቅርታ ተደረገላቸው። በዚያው ዘመን ወንጌላዊው ሎርድ ሻፍትስበሪ በፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ በፓርላማ ዓመታት ታገለ። ከተቃወሙት መካከል ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ባለ ፋብሪካዎች ነበሩበት። ሕጉ በ1847 ሲጸድቅ እሱ ከፓርላማው ወጥቶ ነበር። ዳር ያደረሰው ጆን ፊልደን ነው። ፊልደን ማን ነበር? ራሱ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት!

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህን ስናነሣ አሠሪ ወንድሞቻችን የሚሉትን ሰምተናልና። "መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ይቆማል፤ ከውጭ የሚገባው ሩዝ ገበያውን ይይዘዋል፤ እኛም ከእጅ ወደ አፍ ነን" ይላሉ። እውነት አለው፤ ማንም በቀላሉ አያትርፍም። ፊልደንም ተወዳዳሪዎች ነበሩት። ሕጉ ሁሉን እኩል ሲያስገድድ ግን ደግ አሠሪ በደግነቱ ከገበያ አይወጣም። ለሠራተኛ የሚቆም ሕግ ለቅን አሠሪም ይቆማል የምንለው ስለዚህ ነው።

በእኛም አገር ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከአርባ ስምንት እንዳይበልጥ ይላል፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ለወለደች እናት ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ 120 ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ ይሰጣል። ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋምም ደንግጓል፤ ወለሉ ግን አዋጁ ከወጣ በኋላ ለዓመታት ሳይወሰን ቆይቷል። አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ይህን ጆንያ ተሸካሚው ወንድማችን ያውቃል? ስለ አሥራት ያስተማርነውን ያህል ስለዚህ ነግረነዋል?

መጽሐፍ ቅዱሳችንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ዘዳግም 24 ለድሀው ምንደኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈሉት ይላል፤ ምክንያቱንም ይሰጣል፦ ነፍሱ በዚያች ደመወዝ ላይ ተንጠልጥላለች። ያዕቆብ 5 ላይ ያልተከፈለው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፤ ጩኸቱም የሠራዊት ጌታ ዘንድ ይደርሳል። በዘጸአት 5 የእስራኤል አለቆች ፈርዖን ፊት ቀርበው ገለባ ሳይሰጠን ጡብ ሥሩ እንባላለን ብለው አቤት አሉ፤ ያገኙት መልስ ስንፍና አለባችሁ የሚል ስድብ ነበር። እግዚአብሔር ከማን ወገን እንደ ቆመ የታወቀ ነው። ነህምያም ቅጥሩን ሲሠራ የድሆች ጩኸት በተሰማ ጊዜ "ቅጥሩ ይለቅና እንነጋገራለን" አላለም፤ ባለጠጎቹን በጉባኤ ፊት ገሠጻቸው።

አዳራሽ የምታሠሩ ሽማግሌዎች እንግዲህ ከዚህ ሳምንት ጀምሩት። ግንበኛውም ጭቃ አቀባዩም ሒሳባቸውን ቅዳሜ ከመሸ ሳይሆን በየዕለቱ ሥራ ሲያበቁ ይቀበሉ። የግንባታ ኮሚቴው ገንዘብ ከጎደለው ግንቡ ይቁም እንጂ በዱቤ ሰው አይቀጠር። አሠሪ የሆናችሁ ምእመናን በየወፍጮ ቤታችሁ ለሚያበጥሩት እናቶች የአፍንጫ መሸፈኛ ግዙ፤ ዋጋው ከአንድ ጆንያ ሩዝ አይበልጥም። ከደመወዝ የተቀነሰ ብር ግን በመባ ፖስታ ውስጥ አታምጡልን።