ለክረምት ጉዞ ክርና ኪሮሽ ይያዝ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ ይወርዳል። ሐምሌንና ነሐሴን አያት ቤት ለማሳለፍ ወደ ጎጃም፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ወሎ የሚጓዘው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ከዋሽንግተንና ከፍራንክፈርት ከሚመጣው ዘመድም ብዙው የሥራ ፈቃዱን የሚያወጣው ልጆቹ ትምህርት በሚዘጉባቸው በእነዚሁ ወራት ነው። ሻንጣው ውስጥ ሹራብና ጃንጥላ፣ የስልክ ቻርጀርና የልጆች ብስኩት ይገባል። እኔ አንድ ነገር ይጨመር ባይ ነኝ፦ አንድ ጥቅል ክርና ኪሮሽ፣ ሹራብ መሥራት ለሚችል ደግሞ የሹራብ መርፌ። እጅን አስይዞ ዓይንንና ጆሮን አብረውን ላሉት ሰዎች የሚተው ሥራ ጥቂት ነው፤ የእረፍት ጉዞም ከሌላው ጊዜ ይልቅ እንዲህ ያለውን ሥራ ይፈልጋል።

የእረፍት ጊዜ አብዛኛው መቀመጥ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አባይ በረሃን መውረድና መውጣት ብቻውን ስንት ሰዓት ይበላል። ከደረሱ በኋላም ዝናቡ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቤት ያውላል። ጎረቤት ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል። በዚህ ሁሉ ሰዓት ሥራ የፈታ እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ዛሬ ቅርብ ሆኖ የሚያገኘው ስልክን ነው። ስልክ ደግሞ እጅን ብቻ ይዞ አይቀርም፤ ዓይንን ይወስዳል፣ ሐሳብን ይወስዳል፣ አያት ጀምረው የነበረውን ታሪክ ከመሃል ያስቆርጣል። እንዝርቷንና ባዘቶዋን ይዛ ለቡና የምትመጣ ጎረቤት ግን ከጨዋታው አንድ ቃል አያመልጣትም። ሰፌድ የምትሰፋ ሴትም ወስፌዋን ሰክታ አክርማውን በስንደዶው ላይ እየጠመጠመች ትመክራለች፣ ትስቃለች፣ ልጅ ትቆጣለች። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

ቀላል የእጅ እንቅስቃሴ ማዳመጥን እንደማያደናቅፍ የሚጠቁም ጥናትም አለ። የእንግሊዟ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጃኪ አንድሬድ 40 ሰዎች አንድ አሰልቺ የስልክ መልእክት እንዲያዳምጡ አደረጉ፤ ግማሾቹ እየሰሙ ወረቀት ላይ ቅርጾችን በእርሳስ ይሞሉ ነበር። በኋላ ሲጠየቁ እጃቸው ሥራ የያዘው ከሌሎቹ 29 በመቶ የበለጠ አስታወሱ። እርሳስ ኪሮሽ አይደለም፤ ዘመድም አሰልቺ መልእክት አይደለም። ሆኖም እጁ የተያዘ ሰው ልቡ አይሰማም የሚለውን ፍርድ ማናጋቱ አይቀርም። ሹራብን በቀጥታ የሚመለከተው ደግሞ ጂል ራይሊና ባልደረቦቻቸው በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት ጥናት ሲሆን፣ ከ31 አገሮች 3,545 ሹራብ ሠሪዎች መልስ ሰጥተውበታል። አዘውትረው የሚሠሩት የመረጋጋትና የደስታ ስሜት እንዳላቸው ተናግረዋል። የተጠየቁት ሥራውን የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ ውጤቱን ለሁሉም ሰው መዘርጋት አይገባም፤ ክር ለማይወድ ሰው ክር አያስታግሰውም። ለሚወደው ግን እቤት ጥሎት የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

ዋናው ጥያቄ ምን ዓይነት ሥራ ይያዝ የሚለው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጊዜ አገኘሁ ብሎ በየመስመሩ የሚቆጠር፣ አበባው ከቅጠሉ የተጠላለፈ የጠረጴዛ ልብስ ይጀምራል፤ ከዚያ ሰው ባናገረው ቁጥር ቁጥሩ ይጠፋበታል፣ ይናደዳል። በእንግሊዝ ተወልደው በአሜሪካ ዊስኮንሲን የኖሩት ታዋቂዋ የሹራብ ባለሙያ ኤልዛቤት ዚመርማን ይህን አስቀድመው አስበውበታል። ለየወሩ አንድ ሥራ በመደቡበትና በ1974 በታተመው «ኒተርስ አልማናክ» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ለጉዞ ወር ለጁላይ የመረጡት ክብ ሻል ነው። ከመሃሉ በ9 ቀለበት ይጀመራል፤ ከዚያ 18፣ 36፣ 72 እያለ በእጥፍ ያድጋል፤ በሁለት እጥፎች መካከል የሚሠራው ዙርም 3፣ 6፣ 12፣ 24፣ 48 እያለ ይረዝማል። ሻሉ በሰፋ ቁጥር ማሰብ የሚጠይቀው ነገር እየራቀ ይሄዳል፤ ያ ሁሉ ዙር ዝም ብሎ መሥራት ብቻ ነው። ለአውቶቡስ ግን እኔ ኪሮሽን እመርጣለሁ። በሹራብ መርፌ ላይ ቀለበቶቹ ሁሉ ክፍት ሆነው ተደርድረዋል፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ መርፌው ቢወጣ ብዙ ቀለበት ይፈታል። በኪሮሽ ክፍት የሆነው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀለበት ነው፤ ቢያመልጥም መልሶ መያዝ ቀላል ነው። ረዥም መርፌም የጎረቤትን ክንድ ይወጋል። ክሩን በተመለከተ፣ ባሕር ማዶ በበጋ ሙቀት ለሚጓዝ ጥጥ ይሻላል፤ የእኛ ክረምት ግን ብርድ ነው፣ በነሐሴ ደብረ ብርሃን ላይ ጭን ላይ የተዘረጋ የሱፍ ሥራ ማንንም አያስከፋም።

እረፍት ማለት ሥራ ማስቀመጥ ነው፣ ክር ይዞ መሄድ ምን የሚሉት እረፍት ነው የሚል ይኖራል። ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ፤ ምክንያቱም በባህላችን ሥር አለው። በሰንበትና በታላላቅ በዓላት እንዝርት ይቀመጣል፣ ፈትል አይነካም። ከዚህም በላይ ፈትል ለእናቶቻችን መዝናኛ አልነበረም። ጥጡን ዳምጠው፣ ነድፈው፣ ቀን ሲፈጩና ሲጋግሩ ውለው ማታ በኩራዝ ብርሃን የፈተሉት ቤተሰቡ ልብስ ስለሚያስፈልገው ነው። ሸክም ያደረገው ግን ክሩ አልነበረም፤ እምቢ ማለት አለመቻሉ ነበር። ስለዚህ ሥራው ቀነ ገደብ አይኑረው፣ የሚጠብቀው ደንበኛም አይኑር፤ የሰንበቱ ልማድም በጉዞ ላይ ይከበር። ከሁሉ በላይ ግን እንግዳው ሁሉ ለእረፍት መጥቶ አንዲት ሴት ብቻ ከምድጃው ሥር የምትውልበት ቤት ከሆነ፣ ለእሷ ክር ማቀበል ስድብ ነው። መጀመሪያ ሽንኩርቱን የሚከትፍ፣ ሳህኑን የሚያጥብ ሰው ይነሣ።

የሴት ሥራ ነው የሚለው ደግሞ በአገራችን ብዙ ሊያከራክር አይገባም። ሴቶቹ የፈተሉትን ድርና ማግ ተቀብለው ጋቢና ነጠላ የሚያደርጉት ሸማኔዎች በልማድ ወንዶች ናቸው፤ የዶርዜ ወንዶች በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። ክር ይዞ መቀመጥ ለሸማኔ ካላሳፈረ ለእረፍት ለወጣ አባትም አያሳፍርም። በአውሮፕላን አይፈቀድም የሚለውም ስጋት ቢሆን በአሜሪካ የአየር ማረፊያ ፍተሻ ሕግ የሹራብ መርፌም ኪሮሽም በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ የፈታሹ ውሳኔ ግን የመጨረሻ ስለሆነና የየአገሩ ደንብ ስለሚለያይ፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መያዝና መቀሱን በሚጫነው ሻንጣ ማድረግ ይበጃል።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ትምህርቱ አውቶቡስ ውስጥ አይጀመር። ኪሮሽ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ በሚንገጫገጭ ወንበር ላይ ክሩን ያወሳስባል፣ ያለቅሳል፣ ሁለተኛም አይነካውም። ከጉዞው ሳምንት ቀደም ብሎ እቤት ወፍራም ክርና ወፍራም ኪሮሽ ይሰጠው። ክሩን በአመልካች ጣቱ ላይ ማሳለፍ፣ በኪሮሹ አፍ መያዝ፣ በቀለበቱ ውስጥ መሳብ፤ ይኸው ነው ሰንሰለቱ። ሰንሰለቱ እኩል መውጣት ሲጀምር የአንገት ልብስ ይጀመርለትና ለመንገዱ ሻንጣው ውስጥ ይግባ።