ስታተሱን እኔ ለጠፍኩ፤ ከሰሉን ማን አቀጣጠለው?

ውድ ወንድምና እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ የሚጋራኝ ይኖራል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ነሐሴ፣ በአንዱ የጁሙዓ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ቀሐ ወንዝ ሞልቷል፤ ድምፁ ከቤታችን ድረስ ይሰማል። እኔ ከብርድ ልብስ ሳልወጣ ስልኬን ከፈትኩ። ጀነት በእናት እግር ሥር ስለመሆኗ የሚያወሳ አንድ የሚያምር ምስል አገኘሁና ስታተስ አደረግኩት። ከሥሩም «እናቴ፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ሃያ ሰው አየው፤ ግማሹ «አሚን» አለ።

ከአልጋ ያስነሣኝ ግን አንድ መልስ ነው። የመጣው ከታናሽ እህቴ ነበር፤ ያውም ከዚያው ግቢ ሆና። ሁለት ቃል ብቻ ጽፋለች፦ «እና ከሰሉስ?»

ወጥቼ ሳይ እናቴ ደጃፉ ጥግ ቁጢጥ ብላ የረጠበ ከሰል ታራግባለች። ጭሱ ዓይኗን አስለቅሷታል። እህቴ ሁለት ጀሪካን ይዛ ከቦኖ ገና መመለሷ ነው፤ ጫማዋን የያዘውን ጭቃ በእንጨት ትፍቃለች። እናቴ ስታተሴን አላየችውም። ስልኳ ተራ ስልክ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አያሳይም። ዱዓዬን የማያውቋት ሰዎች ሁሉ አንብበውታል፤ ዱዓ የተደረገላት እሷ ግን ጭስ ውስጥ ናት።

ክረምት በኛ ሰፈር ምን እንደሚመስል ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ብርድ። በሐምሌና በነሐሴ ልብስ ዛሬ ታጥቦ ነገ አይደርቅም። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው፤ የሚበላው ይጨምራል፣ የሚቆሽሸው ይጨምራል። ሰማዩ ውሃ ያወርዳል፣ ቧንቧው ግን በፈረቃ ነው። ከቆርቆሮው በአሸንዳ የሚወርደው ውሃ በበርሜል ይጠራቀምና ለእጥበት ይሆናል፤ ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነው ግን ከቦኖ በጀሪካን ይመጣል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። እኛ ቤት በቀን ስድስት ይገባል። ይህ ማለት በየቀኑ 120 ኪሎ ውሃ ዳገት ይወጣል ማለት ነው። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ «ውሃ አለ ወይ?» ብዬ ከመጠየቅ ያለፈ ነገር አላውቅም ነበር።

በማግስቱ አንድ ነገር ሞከርኩ። ወረቀት ይዤ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ከፈጅር እስከ ዒሻ ቆጠርኩ። ውሃ መቅዳት፣ ከሰል ማቀጣጠል፣ ቁርስ፣ ዕቃ ማጠብ፣ ከደጅ የገባውን ጭቃ መጥረግ፣ በሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ሳፋ ማስቀመጥ፣ ሲሞላ መድፋት፣ የታናሽ ወንድማችንን ቁርኣን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ መድረሳ መላክ፣ ልብስ ማጠብ፣ ማስጣት፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ ማንሣት፣ ሲያባራ እንደገና ማስጣት... መብራት ስለጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ቆመ፤ እንጀራው በእንጨት ተጋገረ። ያ ብቻውን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ማታ ስደምረው 31 ሆነ። እናቴ 17፣ እህቴ 11፣ አባቴ 2 ሠርተዋል። እኔ አንድ፤ እሱም የራሴን ጫማ ማጠብ ነው።

እህቴ መስከረም ላይ 12ኛ ክፍል ትገባለች። የአገር አቀፉ ፈተና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ በየዓመቱ ውጤት ሲወጣ በየቤቱ የሚሆነውን እናውቃለን። እኔ በሷ ዕድሜ ሳለሁ ክረምቱን በሙሉ አጥንቻለሁ። «ልጁ እያነበበ ነው፣ አትረብሹት» ይባል ነበር። በሩ ይዘጋልኛል፣ ሻይ ይገባልኛል። የሷን የሒሳብ መጽሐፍ ያገኘሁት ማጀት ውስጥ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የጥላሸት አሻራ አለ። ወጥ እያማሰለች ነው የምታነበው። እኔና እሷ አንድ ፈተና እንፈተናለን፤ የክረምት ቀናችን ግን አንድ አልነበረም። ያን ጊዜ አገኘሁት ያልኩት ውጤት የብቻዬ ጉብዝና እንዳልነበረ ገባኝ።

እስኪ እንነጋገር። እኛ ወጣቶች ስለ ክረምት ስናወራ የሚናፍቀን ምንድን ነው? ከመግሪብ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ማንደጃው ዙሪያ መሰብሰብ፣ በከሰል የተጠበሰ እሸት በቆሎ፣ ትኩስ ቆሎ፣ አባታችን ወደ ሰማይ እያየ «ያ አላህ፣ የሚጠቅም ዝናብ አድርግልን» ሲል መስማት። በፍልሰታ ጾም ሳሉ ጎረቤታችን እትዬ ለቡና ይመጣሉ፤ ቆሎ ጾምም ፍስክም ስለማይለይ ሁላችንም ከአንድ ሰፌድ እንዘግናለን። ደስ የሚል ነገር ነው። እኔም እወደዋለሁ።

ነገር ግን በዚያ ምሽት ውስጥ እናቴ የት እንዳለች ለማስታወስ ስሞክር ተቀምጣ ትዝ አትለኝም። ቆማ ነው፤ ወይ ፈንዲሻ ልታመጣ ወጥታለች፣ ወይ ከሰል ልትጨምር። የኛ ጣፋጭ ትዝታ የተሠራው አንድ ሰው ባለመቀመጡ ነው።

ይህን ለማጣራት አንድ ቀን ጠየቅኳት። በ2003 ዓ.ም. ረመዳን ክረምት ላይ ነበር፤ ሐምሌ መጨረሻ ገብቶ ዒዱ በነሐሴ ነበር የዋለው። የጨረቃ ወር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ወደዚያው ወቅት የሚመለሰው ከ33 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የሾርባው ሽታ፣ የሳምቡሳው ሙቀት፣ ከዝናቡ ጋር የተደባለቀው የአዛን ድምፅ ዛሬም አብሮኝ አለ። «እማ፣ የዚያን ዓመት ረመዳን ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት።

«እንዴት እረሳዋለሁ፤» አለች። «እንጨቱ እምቢ ብሎኝ አዛን ደርሶ ሾርባው ሳይፈላ ቀርቶ፣ በቴምርና በውሃ ያፈጠራችሁበት ቀን ነበር። ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩ።»

እኔ ያን ቀን ጨርሶ አላስታውሰውም። አንድ ቤት፣ አንድ ወር፣ ሁለት ትዝታ።

አሁን ወደ ሰበቦቻችን ልምጣ። ሁሉንም እኔም ተጠቅሜባቸዋለሁ።

አንደኛው «የሴት ሥራ ነው» የሚለው ነው። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሶላት ሰዓት ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ተናግረዋል። ልብሳቸውን ይጠግኑ፣ ጫማቸውን ይሰፉ እንደነበርም ተዘግቧል። ይህን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ጢም ስለማሳደግ፣ ሱሪ ስለማሳጠር ስንከራከር የምናድር ወጣቶች፣ ጀሪካን ስለማንሣት ሲሆን ለምን ዝም እንላለን? ይህም ሱና ነው፤ ልዩነቱ ፎቶ አይነሣበትም።

ሁለተኛው «ባህላችን ነው» የሚለው ነው። እስኪ የትኛው ባህል? የጎንደር ሙስሊሞች ታሪክ ከዚህ ወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በከተማዋ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ከኮረብታው ግርጌ በቀሐ በኩል የነበረው ሰፈር «እስላም ቤት» ተባለ፤ በኋላ አዲስ ዓለም የሚለው ስም ጸናለት። እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሰፈሩ 3000 ያህል ቤቶች እንደነበሩት ጽፏል። ነዋሪዎቹ በንግድና በሽመና ይታወቁ ነበር። ሽመና ደግሞ የቤት ሥራ ነው። ሴቷ ጥጡን ትፈትላለች፣ ወንዱ እዚያው ይሸምናል። የኔም አያቶች እንዲህ ነበሩ፤ አያቴ እንዝርቷን ይዛ፣ ባሏ ከሸማው ጉድጓድ እግሩን አስገብቶ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ይውሉ ነበር። አንዳቸው ሲያርፉ የሌላው ሥራ ይቆማል። ወንድ ልጅ ቤት ውሎ የማይሠራበት ነገር ከአያቶቻችን የወረስነው አይደለም፤ እኛው ያመጣነው ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ግን እናቶቻችን ራሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ቀን ማራገቢያውን ስቀበላት እናቴ ደነገጠች። «አረ ተው! ወንድ ልጅ ከሰል ሲያራግብ ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል? አሞኛል እንዴ?» አለችኝ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ «ራሷ እምቢ አለች» ብለን ወደ ስልካችን እንመለሳለን። እኔም ሁለት ቀን ተመልሻለሁ። ኋላ የገባኝ መጠየቅ ራሱ ስህተት መሆኑ ነው። «እማ ልርዳሽ?» ስትላት መልሷ ሁልጊዜ «ተው ልጄ» ነው። ስለዚህ መጠየቁን ተውኩት። ከፈጅር በኋላ ሳልተኛ፣ እሷ ቁርኣኗን ስትቀራ፣ ውሃው ይቀዳል። ስትነሣ አልቋል። ምን ትላለች?

ሥራው ቀላል ነው አልላችሁም። የመጀመሪያው ሽሮዬ አርሮ ሰፈሩን አስሏል፤ አባቴ ግን ዝም ብሎ በላው፣ አላህ ይስጠው። ከሰል ማቀጣጠልም የራሱ ዕውቀት አለው። አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ፤ ሕይወት ነውና። ከሰሉ ከቤት ውጭ ይቀጣጠል፤ ሙሉ በሙሉ ፍም እስኪሆን አይግባ፤ ከገባም በኋላ በር ወይም መስኮት ይከፈት። ለመኝታ ሲሆን ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ጭሱ ቢያልቅም ከፍሙ መውጣቱን አያቆምም። ብርድ ፈርተው በር ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦችን ዜና ሰምተናል። ማንደጃውን ከመተኛት በፊት ማውጣት የቤቱ ወጣት ሥራ ይሁን።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይሉ የለ? 31ዱን ሥራ ለአራት ስናካፍለው ለአንድ ሰው ስምንት እንኳ አይሞላም። በነሐሴ መጨረሻ እህቴ ከዙህር እስከ ዐስር ድረስ በሯን ዘግታ ታጠና ነበር። ሻይ የማስገባላት እኔ ነኝ። ውጤቷ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል፤ ቢያንስ ግን የተወሰደባትን ሰዓት መልሰንላታል። «አመሰግናለሁ» አላለችኝም። ልክ ናት፤ የራሷን ነው የወሰደችው።

እናቴስ? አንድ ማታ፣ ዝናቡ እንደ ልማዱ እየወረደ፣ ቡናውን እህቴ አፈላች፣ እኔ በቆሎውን ጠበስኩ። እናቴ ከአቦል እስከ ቶና ሁለት ጊዜ ልትነሣ ሞከረች፤ ሁለቴም አስቀመጥናት። በሦስተኛው፣ በበረካው ላይ፣ እጇን ወደ ፍሙ ዘርግታ ስለ ልጅነቷ ማውራት ጀመረች። ከእህቶቿ ጋር ቀሐ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ፣ ደራሽ ውሃ መጥቶ ሙሉ ዘንቢል ልብስ እንደወሰደባቸውና ቤት ለመግባት ፈርተው ዛፍ ሥር እንደመሹ ነገረችን። እየሳቀች ነው የምታወራው። አባቴ እንኳ ሰምቶት አያውቅም። እኛ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ይህ ወሬ ነበር፤ ለማውራት ግን መቀመጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስታተስህን አትለጥፍ አልልህም። ዱዓውም መልካም ነው። ግን ከመለጠፍህ በፊት አንዴ ወደ ደጅ ውጣና ማን እያራገበ እንደሆነ እይ። አንቺም እህቴ፣ እንደኔ እህት ሁለት ቃል ጽፈሽ ለመላክ አትፈሪ፤ አንዳንዶቻችን ካልነገሩን አይገባንም።

አላህ እናቶቻችንን በጤና ያቆይልን፤ እኛንም የምንለውን የምንሠራ ያድርገን። አሚን።