የቆጡን እናወርዳለን ስንል የብብታችን እየወደቀ ነው!

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር በአደባባይ ከተናገሩ ወዲህ የአገሩ ወሬ ሁሉ ባሕር ሆኗል። ታክሲ ውስጥ ባሕር፣ ቡና ቤት ባሕር፣ ቴሌቪዥኑም ባሕር! የባሕር በር ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው። በ1985 ዓ.ም. አገሪቱ እንዴት ያለ ወደብ እንደቀረች አልረሳነውም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናንሳ። ለመሆኑ ባሕር የሚጠይቀው መንግሥት በእጁ ያለውን ሐይቅ እንዴት ይዞታል?

ጣናን እንመልከት። በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ፣ ባለሙያዎች ላቢዮባርበስ የሚሏቸው ከ15 የማያንሱ የዓሣ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ ገሚሶቹ ክረምት በገባ ቁጥር ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎችም ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ እናቲቱን ከነእንቁላሏ ነው። ወቅቱ ደግሞ ፍልሰታን ይዞ የሚመጣ በመሆኑ ከተማ ውስጥ የዓሣ ገበያው ይደራል። እኛም እዚህ አዲስ አበባ ጥብስና ጉላሹን ስናዝ ከየት፣ በምን ወቅት ወጣ ብለን አንጠይቅም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በውጭ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ ገባ። ከዚያ በፊት ዓሣ የሚወጣው ከደንገል በተሠራች ታንኳ ነበር። ውጤቱን ያጠኑ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት 10 ዓመታት ብቻ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች 75 በመቶ፣ ጫጩቶቻቸው ደግሞ 90 በመቶ መቀነሳቸውን ጽፈዋል። ይህ ጥናት ከታተመ 20 ዓመት አልፎታል። ማን ሰማ?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ያለ ፈቃድ ለንግድ ማጥመድን፣ በመርዝና በፈንጂ ዓሣ መግደልን ይከለክላል፤ ተቆጣጣሪም ይመደባል ይላል። ክልሉም የራሱን ሕግ አውጥቷል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሱ፣ አበል ተበላ። ወረቀቱ ሞልቷል ማለት ነው። ዓሣው ግን ወረቀት አያነብም፤ ሹሞቹም የሚያነቡ አይመስልም።

ቁጥጥር ሲመጣ ደግሞ ማን ላይ እንደሚያርፍ እናውቃለን። በታንኳ የሚቀዝፈው ምስኪን መረቡን ይነጠቃል። ከድንበር ማዶ በኮንትሮባንድ የሚገባውን፣ ዓይኑ የጠበበውን ቀጭን መረብ በገፍ የሚያስመጣው ነጋዴ ግን ማን ነክቶት! መረቡ ርካሽ ነው፤ ሲቀደድ ሐይቁ ውስጥ ይጣላል፤ ተጥሎም ዓሣ መግደሉን አይተውም። እንዲህ ያለውን ነገር ኬላ ላይ መያዝ ይቀላል ወይስ ሐይቁ መሃል?

«በክልሉ ጦርነት እያለ ስለ ዓሣ ታወራላችሁ ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ጦርነቱ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የመጣ ነው። አዋጁ ከወጣ ያኔ 20 ዓመት ሆኖታል። በእነዚያ 20 ዓመታት ምን ተሠራ?

ባሕር ያላቸውም ቢሆኑ ካልጠበቁት አይተርፍላቸውም። የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ትመስክር። እ.ኤ.አ. በ1968 ከባሕሯ ከ800 ሺህ ቶን በላይ ኮድ የተባለው ዓሣ ወጣ። በዳርቻው የሚያጠምዱ ትናንሽ ዓሣ አጥማጆች «ዓሣው እያነሰ ነው» እያሉ ሲጮሁ ባለሥልጣናቱ ለትልልቆቹ መርከቦች ፈቃድ መስጠታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1992 ዓሣው አለቀና ማጥመድ በአንድ ጊዜ ተዘጋ፤ 30 ሺህ የሚሆን ሰው ሥራ ፈታ። «ለሁለት ዓመት ነው» የተባለው እገዳ የተነሣው ከ32 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሆን፣ የተፈቀደውም 18 ሺህ ቶን ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ካናዳ ሀብታም ናትና ሥራ ለፈቱት ድጎማ ሰጠች። የጣናን ዓሣ አጥማጅ ማን ሊደጉመው ነው?

ስለዚህ እንላለን፦ የወንዞቹ አፍ በመራቢያው ወቅት በእርግጥ ይዘጋ። በሚዘጋባቸው ወራት ግን ኑሮው በዓሣ ላይ የቆመው ሰው ጦሙን እንዳያድር ድጋፍ ይዘጋጅ፤ ልጁ የተራበ ሰው በሌሊት መረብ ቢዘረጋ አንፈርድበትም። ሕገ ወጡ መረብ ኬላና ገበያ ላይ ይያዝ። ደንቡ ሲወጣም ዓሣ አጥማጁ ራሱ ይጠየቅ፤ ዓሣው የት እንደሚወልድ ቢሮ ከተቀመጠው ሹም ይልቅ እሱ ያውቃልና።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ተረት ለመሳቂያ ብቻ የተነገረ አይደለም። መንግሥት ሆይ! ቀይ ባሕርን ከመናፈቅህ ጋር ጣናን ጠብቅ። ሐይቁን ያልጠበቀ እጅ ባሕር ቢሰጡት ምን ሊያደርገው ነው?