አጋዘኑ ለምን ውሃውን ዘለለው?

ወንዙ ጥቁር ነው፤ ስፋቱ ዐሥራ አንድ ሜትር ገደማ። መርክውድ የተባለውን ድቅድቅ ጫካ የሚያቋርጡት ዐሥራ ሦስት ድንኮችና ሆቢቱ ቢልቦ እዚህ ሲደርሱ ኮዳቸው እየተሟጠጠ፣ ጉሮሯቸው እየደረቀ ነበር። ሆኖም ማንም አልጠጣም። ሲያሻው ሰው፣ ሲያሻው ድብ የሚሆነው ቤዮርን ከዚያ ወንዝ እንዳይጠጡ፣ እንዳይታጠቡበትም አስቀድሞ አስጠንቅቋቸዋል።

ማዶ የነበረችን ጀልባ ሜንጦ ባሰሩበት ገመድ ስበው በየተራ ተሻገሩ። የመጨረሻው ወፍራሙ ቦምቡር ነው። እሱ ገና ሳይወርድ አንድ አጋዘን ከፊት ለፊት እየጋለበ መጣ፤ ድንኮቹን ገለባብጦ ወንዙን በአንድ ዝላይ አለፈው። የድንኮቹ መሪ የቶሪን ፍላጻ አየር ላይ ሳለ አግኝቶት ስለነበር ማዶ ሲያርፍ ተንገዳገደ። በግርግሩ ቦምቡር ውሃው ውስጥ ገባ። ጎትተው ሲያወጡት ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዶታል። ለቀናት ስላልነቃ ጓደኞቹ እየተቀባበሉ ተሸከሙት። ሲነቃም ጉዞው ከተጀመረበት ከዚያ የግንቦት ጠዋት ወዲህ የሆነውን ሁሉ ረስቷል።

ይህ ትዕይንት ያለው ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ ሆቢት» ውስጥ ነው። አንባቢ ይዞት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ የቦምቡርን እንቅልፍ ነው። የደራሲው ብልሃት የተደበቀው ግን አጋዘኑ ዘንድ ነው። እንስሳው ውሃውን አልረገጠም፤ ዘለለው። ቶልኪን ምክንያቱን አያብራራም። ቢሆንም እዚያ ጫካ ተወልዶ ያደገ እንስሳ ከዚያ ወንዝ ጋር እንዴት እንደሚኖር ያውቃል ብሎ ማንበብ ያስኬዳል። አስማቱ መንገደኛን ለማስደንገጥ የተቀመጠ ወጥመድ ብቻ አይደለም፤ አራዊቱም የሚገዙለት የአገሩ ሕግ ነው። ብዙ የምናብ ጽሑፍ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ክንፍ ያለው አንበሳ ይፈጥራል፤ አንበሳው ምን በልቶ እንደሚያድር ግን አይነግረንም።

መርክውድ ውስጥ በይና ተበይው ይታወቃል። ዛፍ ለዛፍ የሚዘሉ ጥቁር ሽኮኮዎች አሉ፤ ድንኮቹ አንዱን ጠብሰው ቢቀምሱት ጣዕሙ አልተስማማቸውም። ማታ እሳት ሲያነዱ የእሳት ራትና የሌሊት ወፍ እየወረረ ስላስቸገራቸው ማንደዱን ተዉት። ከሁሉም የሚጥመው ግን ቢልቦ አቅጣጫ ለማየት ዛፍ የወጣበት ገጽ ነው። ከቅጠሉ ጣራ በላይ ብቅ ሲል ፀሐይና ነፋስ ያገኛል፤ ጥቋቁር ቢራቢሮዎች በመቶዎች ይርመሰመሳሉ፤ እነሱን የሚያድኑ ተራ ትንንሽ ሸረሪቶችም አሉ። ድንኮቹን በድር ጠቅልለው የሚያንጠለጥሉት ግዙፎቹ ሸረሪቶች በኋላ ከታች ሲመጡ፣ አንባቢው ሥራቸውን አናት ላይ በትንሹ አይቶታል።

ቢራቢሮዎቹም ከሰማይ አልወረዱም። በእንግሊዝ ደኖች «ፐርፕል ኢምፐረር» የምትባል ቢራቢሮ አለች። ወንዱ የሚውለው ኦክ ዛፍ አናት ላይ ነው፤ ትንንሽ ተባዮች ቅጠል ላይ የሚያንጠባጥቡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳል። መሬት የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው፣ ያውም ፋንድያና በድን ፍለጋ። ትሎቿ የሚያድጉት በአኻያ ቅጠል ነው። መጽሐፉ ጥቋቁሮቹ የዚች ቢራቢሮ ወገን መሆናቸውን ራሱ ይናገራል። ደራሲው ኑሮዋን እንዳለ ወስዶ ቀለሟን ብቻ ለወጠ።

ቶልኪን ይህን ዕውቀት ያገኘው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ብቻ አይደለም። በ1892 ደቡብ አፍሪካ ብሉምፎንቴን ተወልዶ በሦስት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ከሄደ በኋላ፣ ከ1896 እስከ 1900 ያደገው ቢርሚንግሃም ዳር ሴርሆል በምትባል መንደር ነው። የመንደሯ የውሃ ወፍጮ በኮል ወንዝ አጠገብ ዛሬም ቆሞ ሙዚየም ሆኗል። በ1939 ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ንግግር ደግሞ የተፈጠረ ዓለም እንዲታመን የውስጥ ሕጉ የጸና መሆን እንዳለበት ተከራክሯል።

በራሱ ሚዛን ሲለካ ግን አንድ ቦታ ላይ ጎድሏል። ጥቁር ወንዝ በራሱ ተረት አይደለም፤ የብራዚሉ ሪዮ ኔግሮ ከብስባሽ ቅጠል በሚወጣ ንጥረ ነገር እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሮ ይፈሳል። ችግሩ ያለው ካርታው ላይ ነው። የመርክውዱ ጥቁር ወንዝ ከጫካው ተራሮች ወደ ሰሜን ወርዶ «የደን ወንዝ» ከተባለው ጋር ይቀላቀላል። የደን ወንዝ በጫካው በሚኖሩት ኤልፎች ንጉሥ ደጅ አልፎ፣ ሐይቅ ላይ የተሠራች የነጋዴዎች ከተማ ወዳለችበት ይገባል። ታዲያ ያ የሚያስተኛና የሚያስረሳ ውሃ የት ገባ? የታችኞቹ ሰዎች አሣ እያጠመዱና እየነገዱ ይኖራሉ እንጂ አንድም ሰው ሲያንቀላፋ አናይም። አቃቂ ወንዝ ውስጥ ከላይ ምን እንደሚለቀቅበት፣ ከታች ደግሞ ምን አትክልት እንደሚለማበት የሚያውቅ የአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ዝምታ እንደዋዛ አያልፈውም።

የፒተር ጃክሰን ፊልም የባሰ አደረገው። በ2013 ሲኒማ ቤት የገባው ሁለተኛው ክፍል ጥቁሩን ወንዝ ጨርሶ ቆርጦ አወጣው፤ የተመለሰው በኋላ በተራዘመው ቅጂ ነው። በምትኩ የደን ወንዝ የጦር ሜዳ ሆነ። በመጽሐፉ ድንኮቹ ከኤልፎቹ እስር ሲያመልጡ ክዳኑ በተመታ በርሜል ውስጥ ታሽገው ምንም ሳያዩ ይንሳፈፋሉ፤ ቢልቦ በርሜል ላይ ተንጠልጥሎ ይበሰብሳል፣ ከዚያም ሦስት ቀን ያስነጥሰዋል፣ ያስለዋል። ፊልሙ በርሜሎቹን ከፍቶ ድንኮቹን ሰይፍ አስጨበጣቸው። ያ ጉንፋን ከዚያ ሁሉ ፍልሚያ ይልቅ ውሃውን ያሳምናል።

የምናብ ዓለም በአማርኛ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ኤልፍ መበደር አያስፈልገውም። በቀትር ወንዝ እንዳይወርድ እየተነገረው ያደገ ልጅ፣ ውሃ ሰዓትና ባለቤት እንዳለው ከቶልኪን መማር የለበትም። የጎደለው አስማት ሳይሆን የአጋዘኑ ዓይነት ምልከታ ነው። ባሌ ተራሮች ውስጥ ኑሮዋን ከሞላ ጎደል በቀርከሃ ላይ የመሠረተች ጦጣ አለች። እዚያው ተራሮች ላይ እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ የምትጥል ጉርጥ አለች፤ ጅራታም ልጆቿ አንዴም ሳይዋኙ ያድጋሉ። እንዲህ ያለችን ጉርጥ ልብ ወለድ ውስጥ አስገብቶ በላይዋ ምትሃት ሊጨምር የሚፈልግ ደራሲ፣ አስቀድሞ ያ መሬት በበጋ ስንት ወር እርጥበቱን ይዞ እንደሚቆይና ጉርጧን የሚበላት ማን እንደሆነ ሄዶ ይጠይቅ።